ስሙን ብቻ ጽፎ የሰጠኝ ልጅ

ሰኞ ነበር፤ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከተማችን የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል፤ ተማሪውም እስከ አራት ሰዓት ድረስ እጁን ከኪሱ አያወጣም። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጀርባቸውን የምትመታበት ሰዓት ነው። ሰውነታቸው ይፍታታል፤ ምላሳቸውም አብሮ ይፍታታል።

ዘጠነኛ ክፍል፣ ሂሳብ። ሰሌዳው ላይ አንድ እኩልታ ጽፌ ዞር ስል ከመጨረሻው ወንበር እጅ ወጣ። ደስ አለኝ። ያ ባለ ቀይ ኮፍያ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ እጁን ሲያወጣ ያየሁት ሽንት ቤት ለመሄድ ሲያስፈቅድ ብቻ ነበር።

«ቲቸር፣ ይቺ ነገር ባጃጅ ለመንዳት ትጠቅማለች?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ቀደም ብዬ «ለአንተማ ባጃጁም ይከብድሃል» አልኩት። ሳቁ እጥፍ ሆነ። ልጁ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቃል አልወጣውም። አልረበሸም፤ አልፎረፈም፤ አልተኛም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ «አንዱን አደብ አስገዛሁት» ብዬ ማውራቴንም አስታውሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ፈተና ሰጠሁ። ወረቀቶቹን ሳርም የእሱ ላይ ደረስኩ፤ ከስሙና ከተራ ቁጥሩ በቀር አንዳች ነገር የለበትም። ምርጫዎቹን እንኳ አልነካቸውም። የእኛ አገር ተማሪ ምንም ባያውቅ ምርጫውን «ሁሉንም ሲ» ብሎ ሞልቶ ነው የሚወጣው። «ሁሉንም ሲ» ማለት አንዲት የቀረች ተስፋ አለች ማለት ነው። ይህ ልጅ እሷንም መልሶልኛል።

ሂሳብ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከባልደረቦቼ አፍ የሰማሁት ትልቁ አቤቱታ ስለ ደመወዝ ይመስላችኋል፤ አይደለም፤ ወይም ከደመወዝ ቀጥሎ ያለው ነው። «ተማሪው ኔጌቲቭ ሆኗል» የሚለው ነው። ስብሰባ ላይ ሲደርስ ደግሞ ስሙ ይከብድና «የአመለካከት ችግር» ይባላል። ይህን ሐረግ ከየት እንዳመጣነው የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከግምገማ ነው። አንድ ሰው «የአመለካከት ችግር አለበት» ከተባለ ነገሩ አለቀለት። ምን ጎደለህ፣ ምን ደረሰብህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ለትልቅ ሰው ያልበጀ ፍርድ ለ15 ዓመት ልጅ እንዴት ሊበጅ እንደሚችል አይገባኝም።

ያን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቤቴ ገባሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ በክረምት ትምህርት ጊዜ የተማርኩበትን የሥነ ልቦና ሞጁል ከሳጥን ሥር ፈልጌ አወጣሁ። በጊዜው ለፈተና ሸምድጄው ያለፍኩት አንድ ሰው ነበር፤ ሩዶልፍ ድራይከርስ ይባላል። በ1897 እ.ኤ.አ. ቪየና ተወልዶ ኋላ ቺካጎ የኖረ የአእምሮ ሐኪም ነው። ልጅ የሚያስቸግረው በሰው መሐል ቦታ ፈልጎ መንገዱን ሲስት ነው ይላል። የሚስትባቸው መንገዶች አራት ናቸው፦ አንዱ «እዩኝ» ይላል፤ አንዱ «አታዙኝም» ይላል፤ ሌላው ተጎድቷልና መልሶ ይጎዳል፤ የመጨረሻው ደግሞ ተስፋ ቆርጧልና «ተዉኝ» ይላል።

ይህን ማንም መምህር በቃሉ ይለዋል። እኔ በተማሪነቴ ያለፍኩት ከሥሩ ያለውን ነው። ልጁ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መምህሩ በዚያች ቅጽበት የራሱን ስሜት ይመልከት ይላል። እንደ ዝንብ ብቻ ካሰለቸህ «እዩኝ» ነው። ደምህ ፈልቶ «ማን መሰልኩህ!» ካሰኘህ የጉልበት ግጥሚያ ነው። ልብህን ካቆሰለህ በቀል ነው። እጅህ ዝሎ «እንግዲህ ምን አደርገዋለሁ» ካልክ ደግሞ ልጁም እንዳንተው እጁን ሰጥቷል።

የባጃጁን ጥያቄ የጠየቀኝ ቀን የተሰማኝ ያው የዝንብ ዓይነት ነበር። ወረቀቱን ሳይ ግን ቆሰልኩ፤ ትንሽ ቆይቶም እጄ ዛለ። እንግዲህ በሦስት ሳምንት ውስጥ ልጁ ከመጀመሪያው መንገድ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ተጉዟል ማለት ነው። የመኪናውን ትኬት የቆረጥኩለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቢሮ አልጠራሁትም። ቢሮ የተጠራ ተማሪ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወላጅ አምጣ የሚባልበትን ሰዓት ይጠብቃል። ከሰልፍ በኋላ ባሕር ዛፎቹ ሥር ጠብቄው «የዚያን ቀን በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ችግር የለም ቲቸር» አለኝ። በአማርኛ «ችግር የለም» ሲባል ችግሩ የት ድረስ እንዳለ አንባቢ ያውቀዋል። ሄደ። ሳምንት ሙሉም አላናገረኝም። ይቅርታ ጠይቄ የሳምንት ዝምታ መልሼ ማግኘቴ በጊዜው አናዶኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ርካሽ ዋጋ ነው።

የተናገረው ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ያውም እየሄድን፣ ጎን ለጎን። ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ አይናገርም፤ ይህን ያስተማረኝ ሞጁል አይደለም፣ ሦስት ወንድሞቼ ናቸው። ከትምህርት በኋላ የአጎቱን ባጃጅ ያጥባል። አጎቱ ቁጥር ላይ ደካማ ስለሆነ ማታ ማታ የቀኑን ሂሳብ የሚይዘው እሱ ነው፤ ስንት ተሠራ፣ ለነዳጅ ስንት ወጣ፣ ለባለ ንብረቱ ስንት ገባ። ያን ቀን የጠየቀኝ ጥያቄ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የእውነት ጥያቄ ነበር። እኔ የሰማሁት ቀልዱን ብቻ ነው።

«እሺ፣ 900 ብር ተሠራ እንበል» አልኩት። «350 ለነዳጅ፣ 600 ለባለ ንብረቱ። ስንት ተረፈ?»

«ሃምሳ ጎደለ» አለኝ፤ ዓረፍተ ነገሬን እንኳ አላስጨረሰኝም።

«ሦስት ቀን እንዲህ ቢሆን?»

«መቶ ሃምሳ ዕዳ ነዋ።»

በፈተናዬ ላይ አራተኛው ጥያቄ ኔጌቲቭ 50ን በ3 ማባዛት ነበር። ባዶ አድርጎት የወጣው ይህንኑ ነው።

ደብተሬን አውጥቼ ባሕር ዛፍ ሥር «ሃምሳ ጎደለ» የሚለውን ከፊቱ ሰረዝ ያለበት 50 አድርጌ ጻፍኩለት። ረጅም ጊዜ አየው። «ይሄ ነው እንዴ?» አለኝ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያን ሰረዝ የሚያየው እንደ ጌጥ ነበር። ውርጩንም ጨመርኩለት፤ ሌሊት ከዜሮ በታች 3 ደርሶ ጠዋት 5 ዲግሪ ሲጨምር ስንት እንደሚሆን። እሱንም መለሰልኝ። ከዚያ ለመሄድ ሲነሣ የተናገረው ነገር ደግሞ ማስታወሻዬ ላይ አለ፦ «ቲቸር፣ እኔን የሚያስቸግረኝ ቁጥሩ አይደለም፤ ወሬው ነው።»

ወሬው ማለቱ እንግሊዝኛው ነው። በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። «አንድ ነጋዴ 12 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ» የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ልጁ ጤፉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ያልገባውን ነገር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ፊቱ ምን ይመስላል? የሰለቸው፣ የናቀ፣ የደነደነ ይመስላል። እኛ «ኔጌቲቭ» ብለን የምንመዘግበው ፊት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የቃላት ጥያቄ ሳወጣ መጀመሪያ በአማርኛ እናወራዋለን፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ እንጽፈዋለን። ሱፐርቪዥን የመጣ ሰው ይህን አይቶ ፊቱን አጨማዶብኛል። ያጨማድ።

በ1967 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በውሾች ላይ ያደረጉት ጥናት አለ። አንዳንዶቹን ውሾች ምንም ቢያደርጉ ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ያሠቃዩአቸዋል። ቀጥለው እንዲህ ያሉትን ውሾች ዝቅተኛ አጥር ባለበት ሳጥን ውስጥ ያስገቧቸዋል፤ አሁን ዘለው ማምለጥ ይችላሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ግን አልዘለሉም። ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። ልምድ አስተምሯቸዋል፤ መዝለል ዋጋ የለውም። ጥናቱ ጭካኔ እንዳለበት ተሰምቶኛል፤ ነገር ግን እነዚያን ውሾች የኋላ ወንበር ላይ በየዓመቱ አያቸዋለሁ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ እንዳይወድቅ፣ በነጻ ዝውውር እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሕፃንን በሰባት ዓመቱ «ወዳቂ» ብሎ ማስቀረት ጥፋት ነው። ግን ዝውውሩ መጣ፤ አብሮት ሊመጣ የሚገባው የማካካሻ ትምህርት መንገድ ላይ ቀረ። ልጁ ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል ገባ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚደርስበት ንዝረቱ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እኔ ጋ ሲደርስ ተኝቷል። «ለምን አይዘልም?» ብለን ስብሰባ እንቀመጣለን።

ስለ ውጭው ዓለምም እንነጋገር። እናቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ይሉ ነበር። ዛሬ ክፍል ውስጥ የምሰማው «ተምሬ የት ልደርስ?» የሚለውን ነው። ይህን ስሰማ ድሮ የምመልሰው ምክር ነበረኝ፤ አሁን አቁሜዋለሁ፤ ምክንያቱም ልጁ ማስረጃ አለው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016 ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን ቁጥር ልጆቹ በስልካቸው አይተውታል። ቤት ደግሞ ዲግሪውን ፍሬም አስገብቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ እሱ ግን ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ወንድም አለ። ለዚህ ልጅ «አይዞህ፣ ጠንክር» ማለት ስድብ ነው። እኔ አሁን ቁጥሩን ራሱን ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ከ100 ልጅ ስንቱ እንዳለፈ ያሰሉታል፣ ከዓመት ዓመት ስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያወጣሉ። እውነቱን ከእኔ አፍ ሲሰሙት ቢያንስ ውሸታም እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። ያን ቀን ክፍሉ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ለምን እንደሆነ አልመራመርም።

እኔም ብሆን ከእነሱ አልሻልም ነበር። መምህርነትን መርጬ አልገባሁበትም፤ ተመድቤ ነው። ምርጫዬ ሌላ ነበር፤ ምደባው ሲለጠፍ አልቅሻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያስተማርኩት አርጩሜ ይዤ ነው። መታሁ፤ ዝም አሰኘሁ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ይህን ያወቅሁት አርጩሜውን ከጣልኩ በኋላ ነው። የጣልኩትም ሕግ አክብሬ አይደለም። አንዲት ልጅ ገና እጄን ለጠመኔ ሳነሣ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ነበር እኮ። ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም።

የሐሙስና የዓርብ ልጅ ስለምላት ተማሪዬ ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዝምተኛ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ ታሳርፋለች፤ ስጠራት ቀና ብላ ዓይኔን እያየች አትመልስልኝም። የእንግሊዝኛው መምህር «ንቀት ነው» አለ። የፊዚክሱ «ግድ የለሽ ናት» አለ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አንዲት ትንሽ ደብተር መያዝ ጀምሬ ነበር፤ ማን፣ መቼ፣ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ እንዳስቸገረ በአንድ መስመር እጽፍባታለሁ። ከወር በኋላ ሳገላብጣት ሰኞና ማክሰኞ የልጅቷ ስም አንድም ቀን የለም። ሁሉም ሐሙስና ዓርብ ነው።

ንቀት ቀን አይመርጥም። ጠየቅኋት። ወላጆቿ ገጠር ናቸው፤ እሷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው። ቅዳሜ በእግሯ ሄዳ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ቆሎ ነው፤ ቆሎው ካለ። በየወረዳው ከተማ እንዲህ ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ብዙ ናቸው፤ እኛም ጎረቤቶቻቸው እያየናቸው እናልፋለን። ያደረግሁት ትልቅ ነገር የለም። ፈተናዎቼን ወደ ማክሰኞ አዞርኩ። ሐሙስ አላስነሣትም። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ደግሞ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ሐሙስ ሐሙስ «ደብተር አርሚልኝ» እያለች ምሳ ሰዓት ቤቷ ትወስዳት ጀመር። ደብተሩ ሰበብ ነበር፤ ልጅቷም እንደ ሰበብ ታውቀዋለች፤ ግን ክብሯን የጠበቀ ሰበብ ስለሆነ ትበላለች። የዚያን መንፈቅ ዓመት ከክፍሉ ሰባተኛ ወጣች። ስንፍናዋ እንጀራ ነበር።

አንባቢ «ታዲያ 63 ልጅ እያንዳንዱን እንዲህ ልትከታተይ ነው?» ቢለኝ እውነቱን ነው። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በክፍል 40 ተማሪ ነው፤ እኔ 40 ተማሪ ያየሁት ዝናብ የጣለ ቀን ነው። ሁሉንም መከታተል አይቻልም። ግን ደግሞ አያስፈልግም። ጄኮብ ኩኒን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ክፍሉን በደንብ የሚመራና የሚበጠበጥበት መምህር የሚለዩት በምኑ እንደሆነ አጥንቶ ነበር። ረብሻ ከተነሣ በኋላ የሚያደርጉት ነገር ብዙም አይለያይም። ሁለቱም ይቆጣሉ፣ ሁለቱም ይቀጣሉ። የሚለዩት ከዚያ በፊት ባለው ነው፤ ጥሩው መምህር ጀርባውን ሰጥቶም ቢሆን ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ያውቃል፣ ልጆቹም እንደሚያውቅ ያውቃሉ፣ ትምህርቱም ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ለእኔ ይህ ማለት በተግባር በጣም ቀላል ነገር ነው። ሰሌዳው ጋ ተገትሬ አልቀርም፤ በወንበሮቹ መሐል እየዞርኩ አስተምራለሁ። ለማስታወሻ የሚሆነውን ከልጆቹ አንዷ ትጽፍልኛለች። የኋላ ወንበር የሚባለው ነገር እኔ ኋላ ስቆም የፊት ወንበር ይሆናል።

ሌላው የጠቀመኝ ዝም ማለትን መማር ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል እንደሆነ፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያረዝሙት ግን የማይናገሩ ልጆችም መመለስ እንደሚጀምሩ አሳየች። አላመንኩም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ የራሴን ክፍለ ጊዜ ቀዳሁት። ማታ ስሰማው አፈርኩ፤ ጠይቄ፣ ራሴ መልሼ፣ «ገባችሁ?» ብዬ፣ «አዎ» አስብዬ ሄጃለሁ። አንዱንም ልጅ አልጠበቅሁትም። አሁን ጠይቄ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ያ ዝምታ የሚያስፈራ ነበር፤ ልጆቹም «ቲቸር ምን ሆነች?» ብለው ይተያዩ ነበር።

«ወላጅ አምጣ» ስለሚባለው መድኃኒታችን ደግሞ ብዙ አልልም። ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመ ሊስትሮ ወይም ደላላ በሻይ ዋጋ አባት ሆኖ ቢሮ ገብቶ «ልጄን ቅጡልኝ» ሲል ያላየ መምህር ካለ አዲስ ተቀጣሪ ነው። አንድ ጊዜ አንድን ሰው በአንድ ሳምንት የሁለት ተማሪዎች አባት ሆኖ አይቼዋለሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ እንኳን ደኅና መጡ ብዬው ተሳሳቅን። እውነተኛዋ እናት በመጣች ቀን ደግሞ ያልጠበቅሁት ይሆናል። የአንዱ ረባሽ እናት ጉሊት ነጋዴ ናት፤ መደቧን ጎረቤት አስጠብቃ መጣች። ገና «እናቴ፣ ልጅዎ...» ብዬ ስጀምር ነጠላዋን አጣፍታ «በሞቴ መምህር፣ ምን አጠፋ?» ብላ ቆመች። መምህር የሚጠራት ለክፉ ብቻ እንደሆነ የለመደች ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ በየመንፈቁ ለአምስት ወላጅ ደውዬ ጥሩ ነገር እናገራለሁ፤ በተለይ ለአስቸጋሪዎቹ። ካርድ ከራሴ ኪስ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ጎረምሳ «ወንበር ቀይር» ስለው «አልነሣም» አለኝ። ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። ድሮ ቢሆን ከላዩ ቆሜ «ትነሣለህ!» እላለሁ፣ እሱ አይነሣም፣ አንዳችን ተዋርደን እንለያያለን። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ በጆሮው «ጥያቄ ሦስትን ስትጨርስ ትቀይራለህ» አልኩትና ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ለጎረምሳ የሚያልፍበት በር ካልተውክለት ግድግዳውን ያፈርሳል። ሰው ፊት ግጥሚያ የያዘ መምህር ቢያሸንፍም ተሸንፏል፤ ይህን ከቀይ ኮፍያው ተምሬዋለሁ።

ሁሉም ተሳካልኝ ብል ግን እዋሻለሁ። ጫት ቅሞ መጥቶ ባልደረባዬን በድንጋይ ያስፈራራ ልጅ ነበር፤ እሱን በዝምታም በቀልድም አልመለስኩትም፤ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አቀረብኩት፤ ተባረረ። ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም አቋሜ ያው ነው። ሌሎቹ 62 ልጆች ፍርሃት በሌለበት ክፍል የመማር መብት አላቸው። ሌላው ደግሞ ከሁሉም ፈጣን የነበረ፣ «ሂሳብ ለምን?» እያለ ሲከራከረኝ የምወደው ልጅ፣ በጥር ወር ጠፋ። ሳዑዲ ለመግባት በጅቡቲ በኩል ወጣ ተባለ። ስሙን ከስም መጥሪያው ላይ እስከ ሰኔ አልሰረዝኩትም።

ባልደረቦቼን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ዓመቱ ሲጀመር ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ነባር መምህራን «እገሌ የተባለው ልጅ አለብሽ፤ ተጠንቀቂው» እያሉ ስም ዝርዝር ያቀብላሉ። በቅን ልቦና ነው። እባካችሁ አታቀብሉን። ያን ዝርዝር የተቀበልኩባቸው ዓመታት ሁሉ ልጆቹ ልክ እንደተባሉት ሆነው ነው ያገኘኋቸው፤ ያልተቀበልኩባቸው ዓመታት ግን ማን ማን እንደነበር ለማወቅ እስከ ኅዳር ይፈጅብኛል።

ባለ ቀይ ኮፍያው ልጅ ዘጠነኛ ክፍልን በሂሳብ 54 ይዞ አለፈ። ተአምር አይደለም። የማጠቃለያ ፈተናው ላይ ያልመለሳቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ሁለቱንም ጀምሮ ሰርዟቸዋል። አሁን 11ኛ ክፍል ነው። በቀደም የአጎቱ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ አገኘሁት፤ ከፊት፣ ከአጎቱ ጎን ተቀምጧል። «ሂሳብ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ቲቸር እውነቱን ልንገርሽ? አሁንም አልወደውም» አለኝና መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ።